የአራት ቁጥር አልጋ ኦክስጅን

ኢንስፔክተር ዝናሽ ስሙን ወደማልጠራው የጎንደር ሆስፒታል የተጠራችው፣ አንዲት ነርስ ለጥበቃው «ሰው ገድያለሁ፤ ፖሊስ ጥራልኝ» ስላለችው ነበር። ዝናሽ በሃያ ዓመት ሥራዋ ገዳይ ሲሸሽ እንጂ ያዙኝ ብሎ ሲለምን አይታ አታውቅም። «ወይ ጉድ! ዛሬስ ቀለለልኝ» አለች። አልቀለለላትም።

ሟቹ አያ ቢያዝን ሳንባቸውን የታመሙ የድብ ባሕር ገበሬ ነበሩ። አራት ቁጥር አልጋ ላይ ጭምብሉ ከአፍንጫቸው ሳይወርድ ተኝተዋል፤ ልጃቸው መለሰ እግራቸው ላይ ተደፍቶ ያነባል። አምስት ቁጥር ላይ ነጃት የምትባል አራስ ትንፋሽ አጥሯት ታቃስታለች። ባሏ ሐምዛ በአልጋዎቹ መሀል ከቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር ዓይኑን አልነቀለም። በክፍሉ ያለው ሲሊንደር እሱ ብቻ ነው፤ ፖሊስ ሳይመጣ እንዳይነካ ጥበቃው ከልክሏል።

«የምን እንዳይነካ ነው? ሰው እየሞተ!» ብላ ተቆጣች ዝናሽ። ጎንበስ ብላ አየችው። የመጠን ማስተካከያዋ ሦስት ላይ እንደተከፈተች ናት፤ አንገቱ ላይ ያለው ዋናው መዝጊያ ግን ጥርቅም ብሏል። ጓንት አጥልቃ ስታዞረው እሽሽ አለ።

«አለ እንዴ? ያለቀ መስሎኝ!» አለ የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ላቀው።

«አለ። ለአራሷ ስጧት።»

ከዚያ ነርሷን ሲስተር የትነበርሽን ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ዓይኗ ደርቋል።

«መርፌ ተሳስቼ ወጋኋቸው። ሰባት ሰዓት ላይ።»

«የምን መርፌ?»

«ስሙ ጠፋኝ።»

«ለስንት በሽተኛ ስንት ነርስ ናችሁ?»

«ለአርባው እኔ ነኝ። ጠዋት ዶክተር ኦክስጅኑን ከሽማግሌው ነቅለሽ ለአራሷ ስጪ አለኝ። በወረቀት ጻፍልኝ አልኩት፤ አልጻፈም። አንዱን ለመግደል እኮ አይደለም ነርስ የሆንኩት!»

ዶክተር ላቀው አልካደም። «ብያለሁ። እሷ ግን እምቢ አለች። ስድስት ሰዓት ላይ ረዳት ጠፍቶ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይዣት ገባሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት አብረን ስንወጣ ሰውዬው ቀዝቅዘዋል።»

ሐምዛም አልሸሸገም። «ለሚስቴ ለምኛለሁ፤ ጮኼያለሁም። ወላሂ ግን እጄ አልነካውም።»

መለሰ ማራኪ ሰፈር፣ ተማሪ በሚበላበት ቤት፣ ወጥ ሠሪ ነው።

«አባትህን ትተህ ወጥተህ ነበር?»

«ሸጋ እንቅልፍ ወሰደው። አጥሚት ላመጣለት ሄድኩ። ስመለስ ሲስተር በመርፌ ገድላዋለች አሉኝ። ምነው? ምን አድርገናት?»

ማምሻውን ዝናሽ አራቱንም ሰዎች በነርሶች ክፍል ሰበሰበች። ነገር መፈልቀቅ ትወዳለች፤ ሲፈለቀቅላትም ደስታዋን መደበቅ አትችልም።

«የመርፌው ነገር ውሸት ነው» አለች። «በሰባት ሰዓት ሲስተር ቀዶ ሕክምና ውስጥ ነበረች፤ ዶክተሩም አብሯት ነበር። ሰውዬውን የገደላቸው የኦክስጅን መዘጋት ነው። ሐምዛ ቢሆን ዘግቶ አይተወውም፤ ለሚስቱ ነበር የሚስበው። ሲሊንደሩ ግን ስንዝር አልተነቃነቀም፤ ጭምብሉም ሟቹ ፊት ላይ ነው። የሕክምና ሰው ቢሆን ደግሞ መጀመሪያ ማስተካከያዋን ዜሮ ያደርጋል። ይኸኛው ማስተካከያዋን አላወቃትም፤ አንገቱን ብቻ አጥብቆ ዘጋ።» ወደ መለሰ ዞረች። «ሥራ ስትጨርስ ቡታጋዙን በየት በኩል ትዘጋዋለህ?»

የትነበርሽ ብድግ አለች። «ይተዉት! በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት!»

መለሰ እንባውን በመዳፉ ጠረገ። «በአንገቱ ነዋ። ምድጃውን ብቻ ከዘጉት እያፈሰሰ ያልቃል።»

ከዚያ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ሲስተር... ‹ሌላ የለንም፤ እስከ ማታ አብቃቁት› ብላን ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ተኝቶ ነበር እኮ፤ ሸጋ አድርጎ ይተነፍስ ነበር። ሲነቃ እከፍትለታለሁ ብዬ... ለእሱው ነው የቆጠብኩለት! አባቴ! አባቴን!»

ዶክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዝናሽን ቅድም ሲያኮራት የነበረው ብልሃት አፈር አፈር አላት። «ሲስተር፣ አንቺ ነጻ ነሽ» አለች።

«ማን ነጻ አውጡኝ አለ?» የትነበርሽ አሁን ገና ማልቀስ ጀመረች። «አንገቱ ተዘግቶ ሳየው ያኔውኑ ገብቶኛል። አብቃቁት ያልኩትም እኔው ነኝ። እስር ቤት ብገባ ልጁ እኔን እየረገመ ይኖር ነበር። አሁን ማንን ይርገም?»

መለሰ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ማጋጨት ሲጀምር ሐምዛ ሮጦ አቀፈው።