አንዴ ብቻ ውደቅ

ሕዝቅኤል ከክፍሉ ፊት ቆሞ ገና አፉን ሳይከፍት ሳቁ ጀመረ። ኋላ የተቀመጠው ልጅ ጭራሽ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጸው ተዘጋጅቷል። መቼ ነው የሚወድቀው ብለው ነው የሚጠብቁት።

ነገሩ የመጣው አምና ነው፤ ቤተሰቡ ዲቪ ደርሶት ሲያትል የገባ ሰሞን። አስተማሪዋ ገብቶሃል ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ እንደለመደው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» አላት። ልጆቹ የደነገጠ መሰላቸውና አውካኩ። እንግሊዝኛ የለው፣ ምን ያድርግ? እውነትም የደነገጠ መስሎ ደረቱን ይዞ ከወንበሩ ተንሸራተተ። ከዚያ ወዲያ ሊያስቃቸው ብሎ ከበር ይጋጫል፣ ደረጃ ላይ ይወድቃል፤ ምሳም ብቻውን በልቶ አያውቅም።

ዘንድሮ እንግሊዝኛው መጣ። ስለ አንድ ድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን ሕይወት አቅርብ ሲባል ደስ ብሎት ሠራ። ሰውየው የድሃ ልጅ ነው። መድረክ ላይ ሳያስበው ወድቆ ሰዉ ቢስቅለት፣ መውደቅን እንጀራው አደረገው። በፊልም ከጣሪያም ከባቡርም እየወደቀ ስሙ ናኘ። ኋላ ፊልም ድምፅ ሲያወጣ እሱም ተናገረ። ድምፁ ምንም አልነበረበትም፤ ሰሚ ነው ያጣው። አንተ ዝም ብለህ ውደቅ አሉት፤ ወገቡን እያመመው ሲወድቅ አረጀ። ሕዝቅኤል ይህን ቦታ ደጋግሞ አነበበው።

ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ዛሬ እንደማይወድቅ ለጓደኛው ለከማል ነገረው። ከማል እዚሁ የተወለደ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

«ብሮ፣ ሲሪየስ ከሆንክማ ማን ይሰማሃል?» አለው። «አንዴ ብቻ ፎል አድርግ፤ ከዚያ የፈለግከውን አውራ።»

ከማል እውነቱን ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

አሁን ማንበብ ጀመረ። የኮሜዲያኑን የትውልድ ከተማ ሲጠራ ሳቁ። እናቱ በልጅነቱ እንደሞተችበት ሲናገርም ሳቁ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ባሰባቸው። አስተማሪዋ ዝም በሉ ትላለች፤ እሷም ግን ፈገግታ አምልጧታል። ምን ብሎ ይንገራቸው? ቢያለቅስ እንኳ ሊያጨበጭቡለት ነው።

ከማል ከፊት ወንበር ሆኖ ወለሉን በዓይኑ አሳየው፤ ውደቅና ተገላገል ማለቱ ነው። የሕዝቅኤል ጉልበት በልማድ ሊታጠፍ ቃጣው። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ሳቁ እስኪያልፍ ቢጠብቅ የሚያልፍ አይመስልም። ማንም እንደማይሰማው እያወቀ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ጀመረ።