ጡብ የተጫነበት ጨርቅ

«ሥራሽን ጨርሰሽ ከሄድሽ፣ ጨርቁ ለምን ውሃ መውረጃው ላይ ቀረ?»

የቤት ሠራተኛዋን ዛኪያን ይህን የጠየቃት መርማሪው ፖሊስ ሻለቃ ነዚህ ነበር። አሠሪዋ እመቤት ሲት ኢንሽራሕ በዚያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ክፍሉን ጉሮሮ የሚቆርጥ ሽታ ሞልቶታል። ከዛኪያ ባልዲ ውስጥ ግማሹ የጎደለ ‹የእሳት ውሃ› የሚሉት የቧንቧ መክፈቻ አሲድ ጠርሙስ ወጥቷል። ወለሉ ላይ ባለው ውሃ መውረጃ ላይ የእሷ ጨርቅ፣ በጨርቁም ላይ የእሷ ጡብ።

«አላውቅም ባሻ» አለች። «እኔ ግን ያንን አሲድ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሲቲ ደረታቸው ሽታውን አይችልም። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ቧንቧ የከፈትኩት በሶዳና በኮምጣጤ፣ ከዚያም በፈላ ውሃ ነው።»

«ፊደል የማትለይ ሴት ጠርሙስ ከጠርሙስ በምን ትለያለች?» አለች የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ማዳም ኔርሚን።

የዛኪያ ፊት ጋለ። «ወጥ ቤትሽ በቅባት ሲደፈን ማንን ነበር የጠራሽው? አሠራሩንስ ከማን ተማርሽው?»

የሻለቃው ወታደር ቃልሽ ነው ብሎ የተጻፈ ወረቀትና የጣት ቀለም አቀረበላት። «አውራ ጣትሽን እዚህ ጋ።»

ዛኪያ ወረቀቱን ተቀበለች። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ስምንተኛ ወሯ ነው። ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ወታደሩ ሰዓቱን አየ። «ረስቼ ሄድኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አልረሳሁም! ያላልኩትን አልፈርምም። እኔ ከታሰርኩ ልጄን ኑሃን ማን ሊያሳድጋት ነው? አንተ?»

«ተዋት» አለ ሻለቃው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የመታጠቢያ ቤቱን እብነ በረድ ደጃፍ በጣቱ ዳሰሰ። ድንጋዩ ጠብታ ጠብታ እያለ ተበልቷል። ቀና ሲል በክፍሉ ያሉትን ሰዎች ከእግራቸው ጀምሮ አያቸው።

የሕንፃውን ዘበኛ ረሽዋንን ጠራው።

«ዛኪያ መቼ ወጣች?»

«ከቀትር አዛን በፊት ባሻ። ከአዛኑ በኋላ ደግሞ ሲቲ ለሶላት የታጠቡበት የውዱእ ውሃ ወረደ። ቧንቧው እኮ ከወንበሬ ጀርባ ነው የሚያልፈው፤ ውሃው የማን እንደሆነ ድምፁ ይነግረኛል። ማዳም ኔርሚን ስትታጠብ ለምሳሌ...»

«አንተ ባለጌ!» አለች ኔርሚን።

«ከዚያ በኋላስ ማን ገባ?»

«እኔ ዳቦ አደረስኩ። ማዳም አንድ ሳህን ሩዝ የተሞላ የማሕሺ ቃሪያ ይዛ ወረደች። ኡስታዝ ዋጊህም እንደ ሐሙሱ ሁሉ መጣ።»

ዋጊህ የሟቿ የወንድም ልጅና ወራሽ ነው። ሕንፃው ፈርሶ ካሣ እንዲከፈል ተከራዮቹ ሁሉ ሲፈርሙ አክስቱ ብቻ እምቢ ብለው ስለነበር፣ በየሐሙሱ እየመጣ ይነዘንዛቸው ነበር። አሁን ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል።

«አክስቴን በድንቁርናዋ ገደለችብኝ! ይህችን መሃይም ምን ታባብሏታላችሁ?»

ሻለቃው ሁሉንም ሳሎን አስቀመጠ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሌላ ውሃ መውረጃ አለ፤ አጠገቡ ሶዳ፣ ኮምጣጤ፣ ጨርቅና ጡብ አስደረደረ። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ ይፈላል። «የዛኪያን ሥራ ሁላችሁም አይታችኋል። እያንዳንዳችሁ ሠርታችሁ አሳዩኝ። ዋጊህ፣ ካንተ እንጀምር።»

ዋጊህ ሶዳውን በተነ፣ ኮምጣጤውን ደፋ። አረፋው ሲነሳ አፍንጫውን ያዘ። ጨርቁን አልብሶ፣ ጡቡን ጭኖ፣ እጁን አራገፈ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

ረሽዋን ሳቁ አመለጠው። «ታዲያ ውሃው በየት ይውረድ ኡስታዝ?» ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፤ አረፋው ዝም እስኪል ጠበቀ። ጡቡንና ጨርቁን አነሳ፣ የፈላውን ውሃ ለቀቀበት። ጨርቁን አጥቦ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ኔርሚንም በተራዋ፣ ሳትወድ በግድ፣ ያንኑ አደረገች።

ያን ጊዜ ዛኪያ የሻለቃውን የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ አገኘችው። ብድግ ብላ ወደ ዋጊህ ዞረች።

«አንተ መጨረሻውን አይተኸው አታውቅም! ሽታው ሲነሳ ‹ቤቱን የቱርሺ ኮምጣጤ ሱቅ አደረጋችሁት› ብለህ ትወጣ ነበር!»

«እንዳለችው ነው» አለ ሻለቃው። «ዛኪያ ጨርቁን ትታው ሄዳ ቢሆን ኖሮ፣ በቀትር የሟቿ ውሃ አይወርድም ነበር። ውሃው ግን ወርዷል። ስለዚህ ጨርቁ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ያመጣውም ሰው በዛኪያ ሊያሳብብ ፈልጓል፤ አሠራሯን የሚያውቀው ግን እስከ ግማሹ ነው። ረሽዋንና ማዳም ጨርቁ እንደሚነሳ ያውቃሉ። አንተ መሸፈኑን እንጂ መነሳቱን አታውቅም። መስኮቱን ዘጋህ፣ አሲዱን ደፋህ፣ ጨርቁን አለበስክ፣ ጠርሙሱን ባልዲዋ ውስጥ ከተትክ። ከዚያ አክስትህ ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ገብተው ሽታው አፈናቸው። ስትደፋ ግን ተንጠባጥቦብሃል። ደጃፉ ተበልቷል። የዛኪያ ጀለቢያ ቀዳዳ የለበትም፤ ያንተ ሱሪ ጫፍ አራት ቀዳዳ አለው።»

«ሲጋራ ነው!»

«በቁርጭምጭሚትህ ነው እንዴ የምታጨሰው?»

ዋጊህ ዙሪያውን አየ። መሐረቡን መሬት ላይ ወረወረ። «ሕንፃው ሁሉ ፈርሟል! አንዲት አሮጊት ሁላችንን አንቃ ያዘችን!»

ዛኪያ ፊቱ ቆመች።

«በእኔ እጅ ነው የገደልካቸው። እሳቸው እንዲተነፍሱ ስል ሰባት ዓመት በፈላ ውሃ ያቃጠልኩትን እጅ ነው የሰረቅከኝ። ልጄ የነፍሰ ገዳይ ልጅ ልትባል ነበር!»

ወታደሩ አዲስ ወረቀት አመጣ። ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች።

በሳምንቱ ማዳም ኔርሚን ማሕሺ ይዛ የዛኪያን በር አንኳኳች። ዛኪያ ሳህኑን አልተቀበለችም።

ዋጊህ ያኔውኑ በካቴና ሄዷል። ኔርሚን እህቷ ዘንድ ወደ ታንታ ሄደች። ረሽዋን የሲቲ ቧንቧ ዝም ማለቱን ጆሮው አልለምድ ስላለው፣ የዘበኛ ክፍሉንና ወንበሩን ለዛኪያ ትቶ አገሩ ሶሃግ ገባ። ዛኪያና ኑሃ እዚያው ቀሩ።