የአርባ ቀን ሙሽራ አውራ ጣት

በእኛ ከተማ በማርጊላን ሙሽራ ከተዳረች እስከ አርባ ቀኗ ድረስ ክፉ ነገር አይነገራትም። ዘመድ ቢሞት ይደበቃታል፤ ሰሃን ቢሰበር ሳታይ ይጠረጋል፤ አመመሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት እንኳ የለም። በሽታ ሲጠሩት ይመጣል እንላለን። ልማዱን ያወጡት ሰዎች ለሙሽራዋ አስበው እንደነበር አልጠራጠርም። የዛሬው ወሬዬ ግን ይህ ደግ ልማድና አንዲት ጀማሪ ጥፍር ሠሪ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ስላመጡት ጣጣ ነው።

ጀማሪዋ ኦይዲን ትባላለች፤ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የአምስት ሳምንት ኮርስ ጨርሳ በሆሲያት ኦፓ (ኦፓ ታላቅ እህት እንደማለት ነው) የውበት ሳሎን ለሙከራ ከገባች አሥራ ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ሙከራው አንድ ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ወይ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የእሷ ይሆናል፣ ወይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ኦይዲን ያን ወንበር እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታየው። ከልጅነቷ ጀምሮ "የዚህች ልጅ እጅ ዕቃ አይበረክትለትም" እየተባለች ስላደገች፣ አንድ ቀን "እጅሽ ይባረክ" መባል ያምራት ነበር።

ስንፍና የለባትም። ቤቷ ውስጥ በፕላስቲክ እጅ ላይ ስትሞርድና ስትቀባ ነው የምትውለው። ነገር ግን የፕላስቲክ እጅ አያልበውም፣ ቢቆርጡትም አይደማም። የሰው እጅ ስትይዝ የተማረችው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋባታል፤ የጥፍር መሞረጃው ማሽን ከእጇ ያመልጣል፤ ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳ ላይ ይፈሳል።

ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባት ግን ምክሩ ነበር። የኮርስ አስተማሪዋ "ካላወቃችሁ ጠይቁ" ትል ነበር። ሆሲያት ኦፓ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደ ጓዳ ጠርተው እንዲህ አሏት፦

"ስሚ የኔ ልጅ። ደንበኛ ፊት 'ይህ ምንድን ነው?' ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። አንቺ ከጠየቅሽ እሷ ትፈራለች፤ ከፈራች ደግሞ ማዶ ካለው ሳሎን ትገባለች። ፊትሽ ከደፈረ እጅሽ ይከተላል።"

"ካላወቅሁስ፣ ኦፓ?"

"ያወቅሽ ምሰያ።"

ኦይዲን የማንን ትስማ? አስተማሪዋም ሆሲያት ኦፓም በዚሁ ሙያ እንጀራ የበሉ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁለቱም ደግሞ የተሳሳቱ አይመስሉም።

በዚያው በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሻሪፋ ሆላ (ሆላ አክስት ማለት ነው) የሚባሉ ትልቅ ሴትዮ አዲሷን ምራታቸውን ይዘው መጡ። ምራቲቱ ዲልራቦ ከተዳረች ሃያ ቀኗ ነው። በማግሥቱ የባሏ ዘመዶችና ጓደኞቿ ሊያዩዋት ይመጣሉ። በእኛ ዘንድ ሙሽራ የምትታየው ሻይ ስትቀዳ ነውና ከፊቷ ቀድሞ የሚመረመረው እጇ ነው። ሻሪፋ ሆላ ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ።

ኦይዲን የሠርጉን አረንጓዴ ቀለም በማሽኑ ጠርጋ አነሳች። ዘጠኙ ጥፍሮች ንጹሕ ናቸው። የቀኙ አውራ ጣት ጥፍር ግን ከጫፉ ከሥጋው ለቅቋል፤ ከሥሩም ምስር የምታህል አረንጓዴ ነጥብ አለች። ሞረደችው፤ አልጠፋም። የድሮው ቀለም ራሱ አረንጓዴ ስለነበር ሰርጎ ገብቶ ይሆን? ወይስ ያ አስተማሪዋ የነገረቻቸው የጥፍር በሽታ ይሆን? ጫን ስትለው ዲልራቦ እጇን ሰብሰብ አደረገች። ምራት አማቷ ፊት አታጉረመርምም።

"እዚህ ጋ ትንሽ..." ብላ ኦይዲን ጀመረች።

"ተዪው፣" አሉ ሻሪፋ ሆላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አርባ ቀኗ ባልሞላ ሙሽራ ላይ 'እዚህ ጋ ትንሽ' አይባልም። ቀይ ቀቢያት፤ ደመቅ ያለ ቀይ።"

ኦይዲን ወደ መስተዋቱ ተመለከተች። ሆሲያት ኦፓ የሌላ ሴት ጸጉር እየቆረጡ ነው።

"ኦፓ፣ አንድ ጊዜ..."

"ኦይዲኔ ጎበዝ ናት፤ የማታውቀው የለም፣" አሉ ሆሲያት ኦፓ ለሻሪፋ ሆላ እየሳቁ። ዓይናቸው ግን ኦይዲንን "ጨርሺ!" ይላታል።

ጨረሰች። ስትጨርስም ቸኩላ የዚያኑ ጣት የጥፍር ሥር ቆዳ አጥልቃ ቆረጠችው። ደሙን በጥጥ አፍና ያዘች፤ ቀዩን ሁለት ጊዜ ደራርባ ቀባች፤ በቀለም ማድረቂያው መብራት ውስጥ አድርቃ አወጣችው። ከላይ ሲያዩት አንድ እንከን አይታይበትም። ሻሪፋ ሆላ የኦይዲንን እጅ ጨብጠው "እጅሽ ይባረክ" አሏት። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር፤ ሲመጣ ግን ደስ ይበላት ወይ ይክፋት ለራሷም አልገባትም።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ጸጉሯን ልትሠራ የመጣች አንዲት የሻሪፋ ሆላ ጎረቤት ወሬውን ይዛ ገባች። የዲልራቦ አውራ ጣት አብጦ መግል ቋጥሯል። ቤተሰቡ ሦስት ቀን ሙሉ ዕፅ ሲያጤሱባትና ሲያስደግሙላት ከቆዩ በኋላ ክሊኒክ ወስደዋት ጥፍሩ ተነቅሏል።

"ዓይን ነው፣" አለች ሴትዮዋ። "ጓደኛዋ ማህሊዮ በእንግዶቹ ቀን 'እጅሽ እንዴት ያምራል!' አለች አሉ። 'ከዓይን ያውጣሽ' አላለችም። በቃ፣ በላቻት። አሁን ሻሪፋ ሆላ ደጃቸውን እንዳትረግጥ ብለዋል። ለጋብቻ ሽማግሌ ልከውላት የነበሩትም ሰዎች እግራቸውን ሰብሰብ አድርገዋል። ዓይነ ክፉ ማን ያገባል?"

ሴትዮዋ እንደወጣች ኦይዲን ሆሲያት ኦፓን ጓዳ ድረስ ተከትላ ያየችውንም የቆረጠችውንም ተናገረች።

ሆሲያት ኦፓ የጓዳውን በር ዘጉና፣ "ማንም አንቺን አልጠረጠረም። ዝም አይነቅዝም፣" አሉ።

"ማህሊዮስ?"

"ወሬ ነው፤ ይበርዳል።"

ያን ቀን ኦይዲን ሥራ መያዝ አቃታት። እውነቱን ለመናገር፣ ዓይን በሆነ ብላም ተመኝታለች። እሷም እኮ በዓይን የምታምን የሰፈራችን ልጅ ናት። ደግሞስ ጣቱን ያበላሸው አረንጓዴው ይሁን ቁስሉ በምን ታውቃለች? የኮርስ ደብተሯን ብትገልጥ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት አገኘችው፦ "የማታውቂው ቀለም ከጥፍር ሥር ካየሽ አትሸፍኚ። ጠይቂ። ወደ ሐኪም ላኪ።" ደብተሩን ዘጋችና በማግሥቱ ከሰዓት በፊት ወደ ሻሪፋ ሆላ ቤት ሄደች።

እዚያም ዲልራቦ ቀኝ እጇ በፋሻ ታስሮ በግራዋ ሻይ ልትቀዳላት ስትታገል አየቻት። ከዚያ በኋላ መቀመጥም አልቻለችም።

"ሻሪፋ ሆላ፣ ማህሊዮ አይደለችም። እኔ ነኝ፣" አለች ቆማ። "ጥፍሯ ሥር የታመመ ነገር አይቼ ሸፈንኩት። ቆዳዋንም ቆረጥኩት። ከሁለቱ የትኛው እንዳመጣባት አላውቅም። ማህሊዮ እንዳላመጣችባት ግን አውቃለሁ።"

"በሙሽራዋ ፊት ነው ይህን የምታወሪው? አርባ ቀኗ ሳይሞላ?"

"በእሷ ፊት ዝም ስላልኩ ነው እዚህ የደረሰችው።"

"አይተሽ ከነበር ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

ልትናገር ስትል ያስቆሟት ራሳቸው ሻሪፋ ሆላ ቢሆኑም፣ ይህ የኦይዲንን ጥፋት አያጥብላትም። ያን ጊዜ ዲልራቦ አዲስ እንደገባች ምራት አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

"እኔም ያመኝ ነበር፣ እማዬ። ገና ከሠርጉ በፊት ጀምሮ። የጠየቀኝ ስለሌለ ነው።"

ሻሪፋ ሆላ የምራታቸውን የታሰረ እጅ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ሁለት ዳቦ በጨርቅ ጠቀለሉ።

"ወዴት ነው፣ እማዬ?"

"ማህሊዮ ቤት። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ እየሰማ ልመልስላት።" በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ኦይዲን ዞሩ። "አንቺን ይቅር ልበልሽ አልበልሽ ገና አላወቅሁም። ሲገባኝ እነግርሻለሁ።"

ሆሲያት ኦፓ ይህን ሲሰሙ "ሳሎኔን አፈረስሽው" ብለው ሁለት ቀን አኮረፏት። አላባረሯትም፤ ቆዪም አላሏትም። ሁለት ቀጠሮዎችም ተሰረዙ። ኦይዲን ወሯ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው የማን እንደሆነ ባልታወቀው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሞረዶቿን ታጥባለች።

ወገኖቼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ሙሽራን ከክፉ ወሬ ስንጠብቅ፣ ጀማሪን ደግሞ "ያወቅሽ ምሰይ" ስንል፣ በሽታውን የምንደብቀው እኛ ነን። ድፍረት ማለት አለመጠየቅ ከመሰለን ልጆቻችንን የምናስተምረው ሙያ ሳይሆን ማስመሰል ነው። የማስመሰልን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ማህሊዮን አስቡ።

ኩርፊያው በጀመረ በሦስተኛው ቀን አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት ጥፍሯን ልትሠራ መጣች። ኦይዲን አሮጌውን ቀለም ስታነሳ በቀለበት ጣቷ ጥፍር ሥር ጥቁር መስመር አየች። በመስተዋቱ ውስጥ ሆሲያት ኦፓ ያዩዋታል።

"ይቅርታ፣" አለች ሞረዷን አስቀምጣ። "ይህን አላውቀውም። አልሸፍነውም። ሆሲያት ኦፓን ልጠይቅ።"

ሆሲያት ኦፓ መቀሳቸውን አስቀምጠው መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጣቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት አራት ሴቶች ወደ እነሱ ዞሩ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ቤት ውስጥ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ቃል ሲፈልጉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

"እኔም አላውቀውም፣" አሉ።

መምህርቷ አንዴ ኦይዲንን፣ አንዴ ሆሲያት ኦፓን አየች።

"እንግዲያው እሱን ነገ ሐኪም ያየዋል፣" አለችና ሌላውን እጇን ለኦይዲን ዘረጋችላት። "የቀሩትን ዘጠኙን አንቺው ሥሪልኝ።"