እስከ ሪፍሬሽ ድረስ

«ቀይሪያትና ገላግይኝ! አንዲት ፊደል እኮ ናት» አለች ትንሳኤ፣ የሐያትን ክንድ እየጎተተች።

ስክሪኑ ላይ የትንሳኤ የአስረኛ ክፍል ውጤት ተከፍቷል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ሒሳብ ላይ ግን አንዲት «ዲ» ተገትራለች። አባቷ ጋሼ ተሻለ ከገበያ ሲመለሱ ውጤቱን በዓይናቸው ሊያዩ እዚሁ እነሐያት ኢንተርኔት ቤት ይመጣሉ። ትንሳኤ ደግሞ ጠዋት ጭንቅ ሲላት «ሒሳብ ቢ አመጣሁ» ብላቸዋለች።

ዘዴውን ያሳየቻት ራሷ ሐያት ናት። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሟ ሙሐሲን ድረ ገጽ መሥራት ሲያስተምራት፣ ገጽ መክፈቻው ብሮውዘር ላይ ትንንሽ መሣሪያዎች ጭኖላታል። አንዱ የማይሠራ ሊንክ ይጠቁማል፣ ሌላው የገጹን ቀለም ለይቶ ይናገራል። ፋየርበግ የሚባለው ግን ጉደኛ ነው፤ የገጹን ሆድ ዕቃ ገልጦ ያሳያል፣ ጽሑፉንም ያስቀይራል። ገጽ ሠሪ የሠራውን እንዲፈትሽበት ነው እንጂ ዋናውን ገጽ ንክች አያደርገውም፤ ሪፍሬሽ ሲደረግ፣ ማለትም ገጹ ከአዲስ ሲከፈት፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ሐያት አንድ ገጽ ላይ «ዶክተር ትንሳኤ» ብላ ጽፋ ስታሳያት ሁለቱም በሳቅ ፈርሰው ነበር።

ሐያት እንቢ ማለት አቃታት። ትንሳኤን ትወዳታለች፤ ስታለቅስ ማየት አትችልም። «ለዛሬ ብቻ!» ብላ ዲዋን በቢ ቀየረቻት።

ጋሼ ተሻለ ገቡ። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ አነበቡ፤ ሒሳብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቢ! እኔ እኮ ሒሳብን እንደ ጅብ ስፈራው ነው የኖርኩት» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ሐያትዬ፣ ያስጠናሻት አንቺ ነሽ። ጌታ ይባርክሽ ልጄ። በይ አትሚልኝ፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ስሰጥ ይዤው እቆማለሁ።»

ትንሳኤ አንገቷን ደፋች። ሐያት ቢዋን አየቻት። እኚህ ደግ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆመው፣ እሷ በጨዋታ የጻፈቻትን ፊደል ይዘው ፈጣሪያቸውን ሊያመሰግኑ ነው። እጇ ማውሱ ላይ ቀረ።

«ጋሼ» አለች ሐያት፤ «ከማተሜ በፊት አንድ ነገር ይዩ።»

ሪፍሬሽ አደረገች። ገጹ ለአፍታ ነጭ ሆነና ተመለሰ። ዲዋ ቦታዋ ላይ ናት።

«ቢዋን የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

«ያስጻፍኳት ግን እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ትንሳኤ ቀና ብላ። «ጠዋትም ዋሽቼሃለሁ።»

ጋሼ ተሻለ ተናደዋል፤ ያስታውቃሉ። ከዚያ ወንበር ስበው በሁለቱ መካከል ተቀመጡና ስክሪኑን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«አትሚው» አሉ በመጨረሻ።

«የቱን ጋሼ?»

«ይሄንኑ ነዋ። ምስክርነቱ አይቀርም፤ እውነቱን ስለነገራችሁኝ ነው የማመሰግነው።»