ከአሥር ስንቴ

«የባለ ሰባት ቁጥሩን ደግመሽ አንብቢልኝ» አለ በሪሁን ዓይኖቹን ጨፍኖ።

ሊዲያ የውድድሩን ፕሮግራም ወደ ፊቷ አስጠጋች። ሻኮፒ በምትባለው ከተማ ባለው የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ፣ አጥሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሐምሌ ፀሐይ አናት ይበሳል። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ እያንዳንዱ ፈረስ ከዚህ በፊት የት ሮጦ ስንተኛ እንደወጣ፣ ስንት ፓውንድ ተሸክሞ በስንት ደቂቃ እንደጨረሰ፣ ሁሉም በአንድ ቀጭን መስመር ታጭቋል።

«ሚድናይት ሜይል» ብላ ጀመረች። «የዛሬ ሦስት ሳምንት አራተኛ፣ ከዚያ በፊት ሦስተኛ። ሁለቴም ከዳር ነው ያስነሱት። መጨረሻው ላይ ግን አምስት ፈረስ አልፏል።»

«ክብደት?»

«ያኔ መቶ ሃያ። ዛሬ መቶ አሥራ ስድስት።»

በሪሁን ዓይኑን እንደጨፈነ ፈገግ አለ። አንዴ የሰማውን ቁጥር አይረሳም። አዲስ አበባ ሳለ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እዚህ ስደት ላይ ደግሞ ይኸው ስምንት ዓመት ሙሉ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት እንግዳ የሚያመላልስ የሻትል አውቶቡስ ይነዳል። ቁማርተኛ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ይመጣል፤ በአንድ ውድድር ከሁለት ዶላር በላይ አስይዞ አያውቅም። የሚወደው መመዘኑን ነው። ሊዲያም ብትሆን ይህቺን ቅዳሜ በምንም አትለውጣትም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር ሙሉ ቀን ስታወራ የምትውልበት ሌላ ቦታ ከየት ታገኛለች?

አንድ ያልገባት ነገር ግን ነበር። አባቷ ማክሰኞ ለሥራው የሚያስፈልገውን የሕክምና ወረቀት ሊያሳድስ ቀጠሮ አለው። ያ ወረቀት ከሌለ አውቶቡሱን አያስነኩትም። እንደ ድሮው አስተርጓሚ ሆና አብራው እንድትሄድ ጠይቋታል። ያኔ ገና እንደመጡ እውነትም ያስፈልገው ነበር፤ አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር በእንግሊዝኛ ሲሟገት የሚውል ሰው ነው።

«አሁን እንመዝን» አለ በሪሁን። «ባለ አራት ቁጥሩስ?»

«ሲልቨር ክሪክ። በተከታታይ ሦስቴ አሸንፏል። ሰው ሁሉ እሱ ላይ ነው ያስያዘው።»

«ሦስቱም አጭር ርቀት ነበር። የዛሬው የዓመቱ ትልቁ ውድድር ነው፤ ርቀቱ ረጅም ነው፣ ክብደትም ጨምረውበታል። ያሸንፋል ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ ያንን የሚያውቀው እግዜር ነው። ይሄው ውድድር አሥር ጊዜ ቢካሄድ፣ ከአሥር ስንቴ ያሸንፋል?»

«አራቴ።»

«እኔም አራቴ ብያለሁ። የሚከፍሉት ግን አምስቴ እንደሚያሸንፍ አድርገው ነው። ስለዚህ ውድ ነው፣ ለኛ አይሆንም። ሰባት ቁጥሩስ?»

«ከአሥር ሁለቴ። የሚከፍለው ደግሞ ስምንት ለአንድ ነው፤ አንዴ ብቻ እንደሚያሸንፍ አድርገው ማለት ነው። አባዬ፣ ይሄማ ርካሽ ነው!»

«ጎበዝ! ተማሪ ማለት እንዲህ ነው።»

በዚህ መሀል የበሪሁን ጓደኛ ዲንሳ ኮፍያውን እያራገበ መጣ። ዲንሳ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሰላሌ ውስጥ በፈረስ መሀል ያደገ ሰው ስለሆነ ወረቀት አያምንም።

«እናንተ ወረቀት ስታገላብጡ ፈረሱ በአጠገባችሁ ሊያልፍ ነው» አለ።

«ወረቀቱም እንደ ፈረስ ነው» አለ በሪሁን። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ካደረሰን በኋላ ውሳኔው የኛ ነው።»

ሦስቱም ፈረሶቹ ከውድድር በፊት ወደሚዞሩበት ግቢ ሄዱ። ዲንሳ አጥሩን ተደግፎ እያንዳንዱን ፈረስ ከጆሮው እስከ ኮቴው መረመረ። «ያ ባለ አራት ቁጥር ላብ በላብ ሆኗል» አለ። «ፈረስ ሳይሮጥ ካላበው ልቡ ቀድሞት ሮጧል ማለት ነው። አየኸው በሪሁን?»

«አየሁት፣ አየሁት» አለ በሪሁን በሩ ወዳለበት እያየ።

ሊዲያ አባቷ ያየበትን አቅጣጫ ተከትላ ተመለከተች። እዚያ ፈረስ አልነበረም። ባለ አራት ቁጥሩ ካለፈ ቆይቷል፤ በሩ ላይ የቆመው ባልዲ የያዘ ሰውዬ ነው። ሐሳብ ይዞት ይሆናል ብላ ተወችው።

በሪሁን ሁለት ዶላሩን ሰባት ቁጥሩ ላይ አስያዘ። ውድድሩ ሲጀመር ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ባለ ሰባት ቁጥሩ ከኋላ ተከቦ መውጫ አጣ። ከመሀል አንድ ጥቁር ቡናማ ፈረስ ተስፈንጥሮ ወጣና ሁሉንም መራ። ኮርቻው ሥር ያለው ጨርቅ ነጭ ነው። ነጭ የሁለት ቁጥር ነው፣ ብርቱካናማ የሰባት፤ ይህንን ለሊዲያ ያስተማራት አባቷ ራሱ ነበር።

«ና ሰባት! ና የኔ ጌታ!» ብሎ ጮኸ በሪሁን። ነጩ ጨርቅ መስመሩን ሲያልፍ ዘለለና ዲንሳን አቀፈው። «አሸነፍን!»

«ምን ነካህ ሰውዬ? ሁለት ቁጥር እኮ ነው! ያንተማ ገና በመምጣት ላይ ነው» አለ ዲንሳ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በሪሁንም አብሮት ሳቀ። ከዚያ ግን ቤት የሚያህለው ሰሌዳ ፊት ለፊቱ ቁጥሮቹን እያበራ ሳለ፣ «ስንት ከፈለ ሊዱ?» ብሎ ጠየቃት።

ሊዲያ አልሳቀችም። ካለፉት ወራት ወዲህ ደብዳቤውንም፣ የመድኃኒቱንም ብልቃጥ፣ የስልክ ቁጥሩንም እሷ ስታነብለት ነው የከረመችው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማት ለማሰብ ይመስላት ነበር።

ዲንሳ ወደ ሥራው ሄደ፤ አባትና ልጅም መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ከፓርኪንጉ መውጫ ላይ አስተናባሪው እጁን ዘርግቶ እንዲቆሙ ምልክት ሰጣቸው። በሪሁን አልቆመም። ሰውዬው እዚያው መሀል መንገድ ላይ ነው፤ መኪናው ወደ እሱ እየሄደ ነው።

«አባዬ! ሰው! ስቶፕ!»

ፍሬኑ አጓራ። አስተናባሪው ወደ ጎን ዘሎ የመኪናውን አፍንጫ በመዳፉ መታው፤ ተሳድቦም አሳለፋቸው። በሪሁን መኪናውን ዳር አስይዞ አጠፋው።

«አላየኸውም» አለች ሊዲያ።

«የስኳር ሕመሜ ዓይኔ ላይ ወጥቷል» አለ። «ዳር ዳሩን አያለሁ። መሀሉ ላይ ግን ጭጋግ ነው። ሐኪሙ በማርች ነው የነገረኝ፤ ድራይቭ አታድርግ ብሎኛል።»

«እማዬ ታውቃለች?»

«የለም። እንዳትነግሪያት።»

የማክሰኞው ነገር ያኔ ተገለጠላት። እሱም አልደበቃትም። ክሊኒኩ ኮሪደር ጫፍ ላይ የፊደል ሰሌዳ ተሰቅሏል። እሱ እንግሊዝኛ እንደማይገባው ሰው ያስመስላል። ነርሷ አንብብ ስትለው ሊዲያ የምትተረጉም መስላ ፊደሎቹን ትነግረዋለች፤ በስማቸው ሳይሆን በቁጥር፣ ኤ ከሆነ አንድ፣ ቢ ከሆነ ሁለት እያለች። ሴትየዋ በአማርኛ ቁጥር ሲጠራ ብትሰማ ምን ታውቃለች?

እስከ ሰፈራቸው፣ እስከ ሪችፊልድ ድረስ ሊዲያ መንገዱን እየነገረችው ሄዱ። «ቀይ ነው። አሁን አረንጓዴ። ፊት ለፊት ሳይክል አለ፣ ቀስ በል።» እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም፤ የፈራችው ለራሷ ብቻ ቢሆን ደግሞ ይሻላት ነበር።

እሑድና ሰኞ የበሪሁን ዕረፍት ነው። ሰኞ ከምሳ በኋላ እናቷ ብዙነሽ አረጋውያን ወደምትንከባከብበት ሥራዋ ስትሄድ፣ አባትና ልጅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ልምምድ ጀመሩ። በሪሁን እስክሪብቶውን እንደ መምህርነቱ ዘመን ይዞታል።

«አሥራ ስድስት?» አለ።

«ፒ። አባዬ፣ ከአሥር ስንቴ?»

«ምኑ?»

«ሻትሉን ይዘህ ስትወጣ። ማንንም ሳትገጭ የምትመለሰው ከአሥር ስንቴ ነው?»

በሪሁን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ይሄ የፈረስ ጨዋታ አይደለም!»

«እኮ! ፈረስ ቢሆን የሚጠፋው ሁለት ዶላር ነው።»

አንድ አፍታ የሚመታት መሰላት፤ መትቷት ባያውቅም። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጭረት የለብኝም። እናትሽ በአዲሱ ሥራዋ የጤና ኢንሹራንስ የምታገኘው ኦክቶበር ላይ ነው። ያኔ ዓይኔን እታከማለሁ። ሦስት ወር ብቻ ነው የምለምንሽ ልጄ። ሥራው ከሄደ ይሄን ቤት በምን እናቆየዋለን? እስቲ ንገሪኝ።»

አባቷ ሲለምናት ሰምታ አታውቅም። አባት ልጁን ሲለምን መስማት ከቁጣ ይከብዳል፤ ቁጣ ቢሆን ቢያንስ መልሰው ይቆጣሉ።

«እሺ» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት በእግር እንሂድ ያለችው እሷ ናት። ክሊኒኩ ሩቅ አልነበረም። በሪሁን የክት ሸሚዙን ለብሷል፣ ጫማውን ወልውሏል። መንገድ ላይ «ሃያ?» ይላታል፣ «ቲ» ትለዋለች፤ ጮክ ብሎ ሲስቅ ደስ እንዳለው ያስታውቃል። መብራት ላይ ሲቆሙ የሌላ ሆቴል ሻትል አጠገባቸው ቆመ። መስኮቱ ጋ አንዲት ትንሽ ልጅ አፍንጫዋን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ ሊዲያን አየቻትና ምላሷን አወጣችባት። ሊዲያም አወጣችባት። መብራቱ ሲለቅ ሻትሉ ልጅቷን ይዞ ሄደ፤ ሊዲያ ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

ነርሷ ሳቂታ ሴት ነበረች። በሪሁንን ኮሪደሩ መጀመሪያ ላይ፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈች ምልክት ላይ አቆመችው። ሊዲያ አጠገቡ ቆመች።

«ግራ ዓይንህን ሸፍንና አራተኛውን መስመር አንብብልኝ» አለች ነርሷ በእንግሊዝኛ።

በሪሁን ምንም እንዳልገባው ሰው ወደ ልጁ ዞረ። «ምን አለች?»

ሊዲያ ሰሌዳውን አየችው። አራተኛው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁጥሮቹ ሳትጠራቸው ጭንቅላቷ ውስጥ ተደረደሩ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት፣ አምስት፣ አራት። ይህን ያህል ቀላል ነው። ብትናገር ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል፤ ሥራውም፣ ቤቱም፣ የእናቷ ሰላምም።

«ግራ ዓይንህን ሸፍንና አራተኛውን መስመር አንብብ ነው የምትለው» አለች።

አባቷ ዓይኑን ሸፈነ፣ ጠበቀ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ይኸው ነው አባዬ። ያለችው ይሄን ብቻ ነው።»

«ሊዱ» አለ በቀስታ።

«አቤት» አለችው። እንባዋ ፊቷን አራሰው፤ ሌላ ቃል ግን አልጨመረችም።

ነርሷ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። «የነገርኩት ገብቶታል?» ብላ ሊዲያን ጠየቀቻት።

«ገብቶታል።»

በሪሁን ፊቱን ሰሌዳው ወዳለበት አቅጣጫ መለሰ። ከዚያ እጁን ከዓይኑ ላይ አወረደና በገዛ ራሱ እንግሊዝኛ መለሰ። «አይታየኝም» አለ። «ከማርች ጀምሮ አይታየኝም።»

ነርሷ ወንበር ሳበችለትና ሐኪሙን ልትጠራ ሄደች። በሪሁን ተቀመጠ። ሊዲያ ቁጣውን ጠበቀች፤ ቁጣው አልመጣም። የክት ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ርሶ ነበር።

«እናትሽ ሥራ ገብታለች?» አላት።

«አልገባችም፤ የዛሬው ከሰዓት በኋላ ነው።»

«ደውዪልኝ። እኔው ልንገራት።»

ሊዲያ ደወለችና ስልኩን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ብቻውን ይናገር ብላ ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዘ። «የት ትሄጃለሽ? ተቀመጪ» አላት፤ ወዲያው እናቷ ስታነሳው ድምፅዋ ተሰማ፣ ሊዲያም አጠገቡ ቁጭ አለች።