ያልቀዘቀዘው ታብሌት

ሟቹ በሙከራ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል። አየር ማቀዝቀዣው ከበላዩ፣ የወደቀ ወንበር ከጎኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክና አንድ ታብሌት ያንኑ የመኪና እሽቅድድም ያለማቋረጥ ያጫውታሉ። ባለቤታቸው መሞቱን ማን ይንገራቸው!

ሰውየው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የስልክና የታብሌት ግራፊክስ ፕሮሰሰሮችን፣ ማለትም የጨዋታ ምስል የሚስሉትን ክፍሎች፣ እያወዳደረ ለመጽሔት ሲጽፍ የኖረ ነው። ስለማያዳላ «ሚዛን» ይሉታል። ሚዛን ደግሞ ወዳጅ አያበዛም።

«ደረቱ ላይ የተገፋበት ምልክት አለ» አለ ሐኪሙ። «ጭንቅላቱን የመታው የጠረጴዛው ማዕዘን ነው። ወዲያው አልሞተም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሷል።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ይህን ሰምታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ፖሊሱ ከሟች ጋር የምትሠራውን ሁለተኛዋን ሞካሪ ሊወስዳት ተዘጋጅቷል፤ ከሟች ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት፣ ትናንትም ተጣልተዋል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የመጽሔቱን አዘጋጅ፣ የሟችን ታናሽ ወንድም ነው።

«ጋሼ ማቀዝቀዣውን ሊከፍት ወንበር ላይ ወጥቶ ነው የወደቀው። እኔ ሙከራውን ሲጀምር፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትቼው ወጣሁ።»

«ይሄ ቦርሳ ምንድን ነው?»

«ኢንሱሊን። ስኳር አለብኝ። ልጅ ሆነን ጋሼ ነበር የሚይዝልኝ።»

ከፍቶ አሳያት። ከመድኃኒቱ ጋር ሁለት የበረዶ ከረጢቶች አሉ፤ አንዱ ገና እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፣ ሌላው ቀልጦ ተልፈስፍሷል። መርፌ ሁለቱንም በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ቦርሳውን መለሰችለት።

የስልኩ አስመጪ ወኪል ነገር አላስረዘመም። «ስልካችን ከተሸነፈ ማስታወቂያችንን እናነሳለን ብያለሁ፣ አልክድም። ግን ጠዋቱን ሙሉ እዚህ ከመጽሔቱ ጸሐፊ ጋር ነበርኩ።» ጸሐፊዋም አዎ አለች።

ሁለተኛዋ ሞካሪ እያለቀሰች ተቆጣች። «በሙከራ ሰዓት ማቀዝቀዣ? ሚዛን? ፕሮሰሰር ሲሞቅ ይደክማል፤ እኛ ማየት የምንፈልገው ድካሙን ነው። ላብ ቢያጠምቀንም ማቀዝቀዣ አይነካም! ትናንት የተጣላነውም መስኮት ስለከፈትኩ ነው።»

መርፌ ሁሉንም ሙከራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። ኮምፒውተሩ የሁለቱን መሣሪያዎች ፍጥነት በሁለት መስመር መዝግቧል።

«ሁለቱም በሰከንድ ስልሳ ምስል እያሳዩ ጀመሩ» አለች። «ሲሞቁ ወረዱ። አራት ሰዓት ላይ ታብሌቱ ሃምሳ፣ ስልኩ አርባ። ታብሌቱ እያሸነፈ ነበር። አራት ከአሥር ላይ ግን ስልኩ ብድግ ብሎ ሃምሳ ስምንት ገባ። ታብሌቱ ሃምሳ ላይ ቀረ።»

«ማቀዝቀዣው ተከፍቶ ይሆናላ!» አለ ወንድምየው።

«ማቀዝቀዣው ቢሆን ሁለቱንም ያቀዘቅዝ ነበር። አየር አያዳላም።»

ስልኩን አነሳች። ከሥሩ የሟች ማስታወሻ ደብተር ነበር፤ ገጹ ላይ አራት ማዕዘን የውሃ ምልክት ደርቋል። የቀለጠውን ከረጢት ከቦርሳው አውጥታ ምልክቱ ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ።

«ስልኩን ብቻ ያቀዘቀዘው ይህ በረዶ ነው። ወኪሉ ከጸሐፊዋ ጋር ነበር። ሞካሪዋ ብትሆን ወንበሩን ማቀዝቀዣው ሥር አትጥልም፤ በሙከራ ሰዓት እንደማይነካ ታውቃለች። ይህን የማያውቀው በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሙከራ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ነው። በሩንም ሟቹ ራሱ ነው የከፈተልዎ፤ ወንድሙ ነዎታ።»

ወንድምየው ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «መጽሔቱ ሊዘጋ ነው፣ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ ብዬ ለመንኩት። እንቢ አለ። ገፋ ነው ያደረግኩት... ወዲያው የሞተ መስሎኝ...»

«መስሎኝ አይበሉ። ስልኩ እንደገና የወረደው አራት ከአርባ ላይ ነው፤ ከረጢቱን ያነሱት ያኔ ነው። ሠላሳ ደቂቃ እዚህ ቆመዋል። ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል?»

ወንድምየው ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ወደሚሽቀዳደሙት መኪኖች መለሰ።

«ሲያቃስት ሰማሁት» አለ በመጨረሻ። «ሙከራው ይለቅና ሰው እጠራለሁ ብዬ ነበር።»

ከዚያ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ደረቱን መታ። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን። ለአሥራ ስምንት ምስል ብሎ ወንድሙን የገበረ ሰው እንባ ማንንም አላባባም፤ ወኪሉ እንኳ ፊቱን አዞረ።

ፖሊሱ ካቴና ሲያስገባለት እጁን ወደ ቦርሳው ዘረጋ።

«መድኃኒቴ...»

«ቦርሳው ማስረጃ ነው» አለች መርፌ። ብልቃጡን አውጥታ ለፖሊሱ ሰጠችው። «ከእንግዲህ እሱ ይይዝልዎታል።»