ግራ የዞረው ቋጠሮ

ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ማለዳ፣ የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ስጦታ ያርጋል ደባርቅ ውስጥ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር ሞታ ተገኘች። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ነበር። ሬሳዋን ከገደል ያወጡት ገበሬዎች በጋቢ ሸፍነው ግቢው ውስጥ አሳረፏት። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እናቷ ወይዘሮ ሸጊቱ ከዳባት በጭነት መኪና ደረሱ። አላለቀሱም። ከልጃቸው ራስጌ ድንጋይ ስበው ተቀመጡና፣ «እኔ ሳልፈቅድ ማንም እንዳያነሳት» አሉ።

እንዲህ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። የከተማው ካድሬ ጓድ ላቀው ምርመራ ሳይጀመር ውጤቱን ጽፎ ጨርሷል። ሟቿ ተማሪዎቿን ለሥዕል ትምህርት ወደ ቤተ ክርስቲያን በመውሰዷ ሂስ ሊቀርብባት ነበር፤ ያንን ፈርታ ራሷን ገደለች ይላል ወረቀቱ። ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይቀበርም። የጎደለው የፖሊስ ፊርማ ብቻ ነው።

ፈራሚዋ ሃምሳ አለቃ አረጋሽ ኪዳነ ማርያም፣ ለከብት ዘረፋ ምርመራ ከጎንደር መጥታ ከተማው ውስጥ የነበረች፣ አርባ ዓመት የሞላት ቀጭን ሴት ናት። ግራኝ ናት። በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት የኔታ ግራ እጇን ከወገቧ ጋር አስረው ቀኙን ሊያስለምዷት ሞክረው አልሆነላቸውም።

«እዚህ ላይ ነው» አለ ጓድ ላቀው፣ ብዕር እያቀበላት።

አረጋሽ ብዕሩን አልተቀበለችም። ጎንበስ ብላ ጋቢውን ገለጠችና የሟቿን ቀኝ እጅ አየች። ጣቶቹ ተጨብጠው ደርቀዋል። በመካከላቸው ከነልጡ የተገነጠለ የአስታ ቅርንጫፍ አለ። መዳፏ ተልጧል።

«ለመሞት የዘለለ ሰው ቁጥቋጦ ይጨብጣል?»

«ሰው ሲወድቅ ያገኘውን ይይዛል።»

«የሚይዘው መኖር ሲፈልግ ነው። አልፈርምም።»

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ይህ ትእዛዝ ነው።»

«እንግዲያው ራስዎ ይፈርሙበት። የእኔ ስም የሚገባው ከመረመርኩ በኋላ ነው።»

ወይዘሮ ሸጊቱ ቀና ብለው አዩዋት። «ስምሽ ማን ይባላል፣ ልጄ?»

«አረጋሽ።»

«በርቺ፣ አረጋሽ። እኔ ከዚህ አልነሣም።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው ርእሰ መምህሩን አቶ ይግዛውን ነው። ሃያ ዓመት ያስተማሩ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ረዥም ሰው ናቸው። በዚያ አጥንት በሚሰብር ነፋስ አንዲት ስስ ሹራብ ብቻ ለብሰው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ዓርብ ማታ፣ ትምህርት ሲለቀቅ። ቅዳሜ አላየኋትም።»

«ክፍሏ ይገቡ ነበር?»

«ከታኅሣሡ የትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን ወዲህ ደጃፉንም አልረገጥኩ። የጽሕፈት ቤት ሥራ መች ፋታ ይሰጣል?»

«ብርዱ ጎዳዎት። ካፖርት የለዎትም?»

«አለኝ፤ ታጥቦ አልደረቀም» አሉ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ እየከተቱ።

አራተኛ ክፍልን ያሳያት የእጅ ሥራ መምህሩ ቢራራ ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ ከጣራ ወድቆ እግሩን ስለተሰበረ በምርኩዝ ይሄዳል። የክፍሉ ግድግዳ በልጆች ሥራ ተሞልቷል። ባንደኛው ጥግ ከጭቃና ከተነከረ ወረቀት የተሠራ የስሜን ተራራ ቆሟል። ከፍታው በክር ተለክቶ በየእርከኑ ቁጥር ተጽፎበታል፤ የበየዳ መንገድ በቀይ አፈር ተሰምሯል። በሌላው በኩል የማባዛት ሰንጠረዥ በቀለም አክርማ ተሰፍቶ ተሰቅሏል።

«ስጦታ ሥዕልን ለብቻው አስተምራ አታውቅም» አለ ቢራራ። «ሒሳቡም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም በልጆቹ እጅ ነው የሚያልፈው። ይከለከል ተብሎ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤዎቹን ለልጆቹ ሰጠቻቸውና በጀርባቸው ሣሉበት።»

«እነዚህስ?» አረጋሽ የቆመችው ስምንት ትልልቅ የከሰል ሥራዎች ፊት ነው። ሁሉም የአንድ መስቀል መልክ ናቸው።

«የደብሩ የመጾር መስቀል ነው፤ በበዓል በዘንግ የሚያዘው ነሐሱ። ጥቅምት ላይ ቄሰ ገበዙ መስቀሉን ያዙላቸው፤ ልጆቹ ወረቀት አልብሰው ላዩን በከሰል አሹት፤ የመስቀሉ ሐረግ እንዳለ ወጣ። ከዚያ ወረቀቱን መሐል ለመሐል አጥፈው ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለመሆኑን መረመሩ። ሒሳቡ እሱ ነው። በየክንዱ አሥራ ሁለት ቋጠሮ አለ። በቀኝ ክንዱ ላይ ግን አንዱን ቋጠሮ የጥንቱ ሠሪ ሳይዘጋው ቀርቷል። ስንት ትውልድ የተሳለመው መስቀል፣ ያቺን ክፍት ቋጠሮ ያገኙት የአሥር ዓመት ልጆች ናቸው።»

አረጋሽ ተጠግታ አየች። በስምንቱም ላይ ክፍቱ ቋጠሮ በቀኝ ነው። በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ አልጠቆረም።

«ግድግዳ ላይ ሲወጣ ሙጫ በውኃ በጥብጣ ትቀባዋለች» አለ ቢራራ። «ካልተቀባ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል።»

ከስምንቱ ቀጥሎ አራት ሚስማሮች ባዶ ቦታ ከበው ተመትተዋል። በሁለቱ ላይ የተቀደደ ወረቀት ጫፍ ቀርቷል።

«ልጆቹ ስንት ቡድን ነበሩ?»

«ዘጠኝ። ወረቀቶቹን ጋሽ ይግዛው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆልፈው አኑረውልን ነበር። ታኅሣሥ ላይ ለኤግዚቢሽኑ ሲወጡ አንዱ ጠፋ። አይጥ በልቶት ይሆናል አሉን። ስጦታ የዚያን ቡድን ልጆች ቅዳሜ ጧት ወስዳ እንደገና ልታሠራቸው ነበር።»

በጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ የትምህርት ማስታወሻዋ ተገኘ። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ። የቀረው ቡድን ሠራ፤ ሰቀልኩት። ሙጫ ሰኞ ይበጠበጥ። ክፍቱ ቋጠሮ ግራ ላይ ወጣ። ለምን?»

አረጋሽ ደብተሩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣች። ቄሰ ገበዝ ወልደ ገብርኤል ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባታችን፣ ቅዳሜ መምህርቷ መጥታ ነበር?»

«መጥታለች፣ ልጄ። ከአራት ሕፃናት ጋር። ሠርተው ሲጨርሱ ወረቀቱን ይዛ ብዙ ቆመች። ኋላ፣ ‹አባ፣ ይህ መስቀል ከእጅዎ ወጥቶ ያውቃል?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«አንድ ጊዜ፣ አልኋት። ለታኅሣሡ ኤግዚቢሽን በትእዛዝ ወሰዱት። ሁለት ሌሊት ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አደረ።» ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። በጥምቀት ስሸከመው ቀለለኝ። ዕድሜዬ ገፍቷልና ይከብደኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ቀለለኝ። ለማን ልናገር? ‹ቄሱ ሸጠው› ይሉኛል። ዝም አልሁ። ዝምታዬ ይችን ልጅ ገደላት።»

«የገደላት ሌላ ሰው ነው። መስቀሉን ይያዙልኝ።»

ቄሰ ገበዙ መስቀሉን በመጎናጸፊያ ይዘው አወጡት። ጀርባው ልሙጥ ነው፤ ሐረጉ የተቀረጸው በፊቱ በኩል ብቻ ነው። አረጋሽ ወረቀት አልብሳ በከሰል አሸችው። ክፍቱ ቋጠሮ ግራ ላይ ወጣ።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም አራተኛ ክፍል ውስጥ በልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጓድ ላቀው፣ አቶ ይግዛው፣ ቢራራና ቄሰ ገበዙ። ወይዘሮ ሸጊቱ፣ «ልስማ» ብለው፣ ልጃቸውን ከዓይናቸው ሳይለዩ፣ ከበሩ ላይ ቆመዋል። አንድ ፖሊስ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» ብሎ ጀመረ ጓድ ላቀው፣ መስቀሉ መለወጡን ከአረጋሽ ሰምቶ። «ራሷን ካልገደለች የገደሏት ቄሱ ናቸው። መስቀሉ በእጃቸው ነው። ሸጡት፤ ደረሰችባቸው።»

«እስቲ ደረጃ በደረጃ እንሂድ» አለች አረጋሽ። «መምህርት ስጦታ አልዘለለችም። ቁጥቋጦ ጨብጣለች፤ ለሰኞ ሙጫ መበጥበጥ አስባለች። ተገፍታ ነው የሞተችው። ለምን? ይህን ይመልከቱ።»

የራሷን ወረቀት ከስምንቱ አጠገብ ያዘችው።

«በጥቅምት ቋጠሮው ቀኝ ነበር። ዛሬ ግራ ነው። የነሐስ ቋጠሮ እግር የለውም። መስቀሉ ተለውጧል፤ ያሁኑ ቅጂ ነው። ቅጂው ግን ለምን ግራና ቀኙ ተገለበጠ?»

ንጹሕ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች። በከሰል የሠራችውን በፊቱ ደፍታ ጫነችውና በመዳፏ ተጭና አነሣችው። ከሰሉ ወደ ንጹሑ ወረቀት ለቅቋል። በግራ የነበረው ቋጠሮ በቀኝ ታትሟል።

«ቅጂውን የሠራው አንጥረኛ ሥዕሉን ነሐሱ ላይ ደፍቶ ምልክት አደረገና በዚያው ላይ ቀረጸ። ስለዚህ መስቀሉን በዓይኑ አላየም። ያየው የልጆቹን ወረቀት ብቻ ነው። ቄሰ ገበዙ መስቀሉ ራሱ በእጃቸው እያለ ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል? እሳቸው አይደሉም።»

«ነሐስ የሚቀርጽ መምህር እዚሁ አለ» አለ ላቀው፣ ወደ ቢራራ እያየ።

«መምህር ቢራራ ልጆቹን በእንጨት ማኅተም የሚያስተምረው ፊደልን ገልብጦ መቅረጽ ነው። ሲደፋ እንደሚገለበጥ ከማንም በላይ ያውቃል። ደግሞም በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ሰውን ከገደል አፋፍ አይገፋም። አሁን የጠፋውን ወረቀት እንፈልግ። ዘጠኝ ወረቀት አንድ ላይ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። አይጥ የስምንቱን ጫፍ እንኳ ሳትነካ አንዱን መርጣ ጨረሰች ተባለ። እንዲህ ያለች አይጥ አላውቅም። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አንድ ነው። ያዡ በኅዳር ለሴሚናር ሁለት ሳምንት፣ አንጥረኛ ከማይጠፋበት ጎንደር ከርሟል። በታኅሣሥ መስቀሉ በጽሕፈት ቤቱ ሲያድርም የበሩን ቁልፍ ይዟል።»

አቶ ይግዛው አልተንቀሳቀሱም። «የጽሕፈት ቤቱን ቁልፍ ጓድ ላቀውም ነበረው።»

«እውነት ነው። የቁም ሣጥኑ ግን አልነበረውም፤ ጎንደርም አልወረደም። አሁን ወደ ቅዳሜ እንምጣ። ስጦታ አዲሱን ወረቀት ሙጫ ሳትቀባው እዚህ ሰቀለችው። አንድ ሰው ገንጥሎ ወሰደው፤ ቁራጩ ሚስማሩ ላይ ቀርቷል። ያልተቀባ ከሰል የነካውን ያጠቁራል። ሰው እንዳያየው ልብሱ ውስጥ ደብቆ ከሆነስ?» ወደ ፖሊሱ ዞረች። «አምጣው።»

ፖሊሱ ማዳበሪያውን ፈታ። ውስጡ ገና ያልደረቀ ግራጫ ካፖርት አለ። አረጋሽ ገበሩን ገለበጠች። ታጥቦም ከብብቱ እስከ ወገቡ ጥቁር ነው።

«ሚስትዎ እሑድ ጧት እንዳጠቡት ነግረውናል። በዚህ ብርድ፣ ያለዎትን አንድ ካፖርት!»

«ከሰል ከየትም ይነካል» አሉ አቶ ይግዛው። «ልጆቹ ሲሠሩ እየገባሁ አያቸው ነበር።»

«ጧት የነገሩኝ ከታኅሣሥ ወዲህ ደጃፉን አልረገጥኩም ብለው ነው።»

ርእሰ መምህሩ ሹራባቸውን ወደ ታች ሳቡና ቆመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓድ ላቀውን ፊት ለፊት አዩት።

«ልጄን ስትፈልጉት ዓመት ከመንፈቅ ሆናችሁ። ወደ ሱዳን የሚያሻግሩት የጎንደር ሰዎች ክፍያ ጠየቁ። ምን ነበረኝ? መስቀሉን ሰጠሁ። ተሻግሯል፤ አሁን አታገኙትም። በዚህ አልጸጸትም።»

«ልጄስ?» አሉ ወይዘሮ ሸጊቱ ከበሩ።

አቶ ይግዛው ወደ በሩ ዞሩ። «ወደ እኔ መጣች፤ ታምነኝ ነበር። ክፍሏ ወስዳ የሰቀለችውን ወረቀት አሳየችኝ። ግድግዳ ጆሮ አለው፣ ውጭ እንነጋገር ብዬ አፋፉ ድረስ ወሰድኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም በይ ብዬ ለመንኳት። ‹ስለ ልጅዎ ዝም እላለሁ፤ መስቀሉ መለወጡን ግን ዛሬውኑ ለአባ እነግራለሁ። ነገ እሳቸውን በሌብነት ያስሯቸዋል› አለችኝ። እንቢ አለች። ክንዷን ያዝኩ። አስለቀቀችኝ። ገፋኋት።»

«እንቢ ማለቷን ከእኔ ነው የወሰደችው» አሉ ወይዘሮ ሸጊቱ።

አቶ ይግዛው ከተወሰዱ በኋላ ጓድ ላቀው አረጋሽን ለብቻዋ አስቀራት።

«ሪፖርቱ ላይ የኤግዚቢሽኑ ነገር አይግባ። መስቀሉ በእኔ ትእዛዝ መውጣቱ ለጉዳዩ አይጠቅምም።»

«ገብቷል።»

«ይሰረዝ።»

«ቄሰ ገበዙን በሐሰት ሊያስሯቸው እንደነበርም ጽፌዋለሁ። እሱም አይሰረዝም።»

«መተማ በረሃ ትወርጃለሽ፤ አንቺ ሴት።»

«መተማም ሰው ይሞታል። እዚያም መርማሪ ያስፈልጋል» አለችና ፈረመች። ሁለተኛውን ቅጂ ለወይዘሮ ሸጊቱ ሰጠቻቸው።

እውነተኛው መስቀል አልተገኘም። ከጎንደር ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

ቀብሩ በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ በሙሉ ፍትሐት እንዲሆን ቄሰ ገበዙ አወጁ። ጓድ ላቀው ጧት ሁለት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀመጠ። ሥራና ትምህርት ጥሎ ለቀብር የሚወጣ ማንም ሰው ስሙ እንደሚመዘገብ፣ የተመዘገበም እንደሚጠየቅ አስነገረ።

መጀመሪያ የመጣው ቢራራ ነው። ምርኩዙን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ።

«ቢራራ ክንዴ። የእጅ ሥራ መምህር። ይጻፉኝ።»

ላቀው ጻፈ። ከቢራራ ኋላ የመጣችው ጠረጴዛውን በአገጯ የምትደርስ ልጅ ናት።

«ዓለምዬ ሰጠኝ ገብረ ኪዳን። አራተኛ ክፍል። ይጻፉኝ።»

«ቤትሽ ግቢ።»

«ይጻፉኝና እሄዳለሁ» አለች።

ጻፋት። ከእሷ ኋላ ሌላው ስሙን ከነአያቱ ተናገረ፤ ከእሱም ኋላ ሌላዋ። ፊደሉን ያልጠበቀ ሲመስላቸው ልጆቹ ቆመው ያርሙታል። ላቀው ከሃያ ሦስተኛው ስም በኋላ ብዕሩን አስቀመጠ። ሰልፉ ከክፍሎቹ ደጃፍ ገና እየወጣ ነበር።